የዶክተሩ ደቡብ

ወንድሜ ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲናገር ብትሰሙት ዛፍ ሆናችሁ መወለድ ያምራችኋል። ድምፁ ይለሰልሳል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ እጁ አየር ላይ ቅጠል ይሠራል። ንግግሩን ሲጨርስ ሞተሯ ሳይጠፋ፣ ኤሲዋ እንደተከፈተ በር ላይ ወደምትጠብቀው መኪናው ይገባል። ወንበሯ እንዳይግልበት ነው። ለመኪናው ወንበር የሚያስበውን ሩብ ያህል ለእኛ አስቦ ቢሆን ኖሮ እኔም ዛሬ አፌን ባልከፈትኩ።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። እሱ የሥነ ሕንጻ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነው፤ እኔ ደግሞ በሱ ሥር ዘላቂ ንድፍ የሚባለውን ኮርስ አስተምራለሁ። በወንድሟ ገባች የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። ወንድሜ እዚያ ባይሆን ኖሮ ይሄኔ ሌላ ቦታ ጨጓራዬ ሳይላጥ እያስተማርኩ ነበር። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት "ዶክተር" ይሉታል፣ ዞር ሲል "አረንጓዴው"። እኔ ቤት ውስጥ "ጋሼ" ነው የምለው፣ መሥሪያ ቤት ግን "ዶክተር" እንድለው አዞኛል።

የምናስተምርበትን ሕንጻ የነደፈው እሱ ነው። ተሸልሞበታል። ፊት ለፊቱ ከመሬት እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ በዚያ መስታወት ትገባና ትምህርት እስኪያልቅ አብራን ትማራለች። ተማሪዎቹ መስታወቱ ላይ ካርቶን በፕላስተር ለጥፈው ራሳቸውን ይከልላሉ። ወር ሙሉ የለፉበት ሞዴል ሙጫው ይቀልጥና ጣሪያው ተንሸራትቶ መሬት ላይ ይገኛል። ስለ ተፈጥሯዊ የአየር ዝውውር የማስተምረው ሁለት ኤሲ አስከፍቼ ነው። የኤሲዎቹ ጩኸት ስለሚያደነቁር ደግሞ ማይክራፎን እይዛለሁ። ሳቁ፣ እኔ መሳቅ ከተውኩ ቆየሁ።

በጎን በኩል፣ ፀሐይ እምብዛም ዝር በማትልበት ግድግዳ ላይ፣ የሰው ቁመት ያላቸው የብረት የፀሐይ መከለያዎች ተደርድረዋል። የርግብ መንደር ሆነዋል። እኔ ለጌጥ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ጋሼ ለጌጥ የማያደርገው ነገር የለም።

ተማሪዎቼም ዞረው ዞረው እሱን ነው የሚመስሉት። "አካባቢን የማይጎዳ ቤት ንደፉ" ብዬ ሳዛቸው ሁሉም ፎቅ ይነድፋሉ፣ ፎቁ ላይም ዛፍ ይተክላሉ። ሃያኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ዋርካ! "ሥሩ የት ይገባል?" ስላቸው "ቲቸር፣ ሶፍትዌሩ ላይ አለ እኮ" ይሉኛል። በሁሉም ሥዕል ላይ ፊኛ የያዘች ሕፃን ትሮጣለች፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ያልፋል፣ ወፎች ይበርራሉ። ያቺ ሕፃን የማን ልጅ እንደሆነች እግዜር ይወቅ፤ ሳታድግ፣ ሳትደክም፣ ከአንዱ ተማሪ ፎቅ ወደ ሌላው ስትሮጥ ይኸው ስንት ዓመቷ። በመጨረሻ "ወረቀት እንቆጥብ" የሚለውን መፈክር የበር ቁመት ባለው አንጸባራቂ ወረቀት ያሳትሙትና ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ጋሼ ፊቱ ቆሞ "ግሩም! ግሩም!" ይላል።

ከነዚህ ሁሉ መሃል አንዲት ልጅ ግን ዛፍ አልሳለችም። ጓደኞቿ "ቴርሞሜትር" ነው የሚሏት። ለኮርሴ ትንንሽ ቴርሞሜትር አድዬ ነበርና ሌላው ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ሲረሳው እሷ ይዛው መዞር ጀመረች። ደረጃው ላይ ትለካለች፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ትለካለች፣ አንድ ቀን ጋሼ ንግግር ሲያደርግ መድረኩ ሥር ተቀምጣ ስትለካ አይቻታለሁ። ቀጭን፣ ነገር የማትረሳ፣ ስትናደድ ድምጿ ከፍ በማለት ፈንታ ዝቅ የሚል ልጅ ናት። ያሳደገቻት አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። የአክስቷ ዓይን ደክሟል፤ መርፌ ላይ ክር እንኳ የምታስገባላት ልጅቷ ናት። "ይህቺ ልጅ ትመረቅልኝና ይህን የስፌት መኪና ጨርቅ አልብሼ እተወዋለሁ" እያለች ነው የከረመችው። አንድ የዲዛይን ቢሮም "ዲግሪሽን ይዘሽ ነይ፣ ወንበርሽ ተዘጋጅቷል" ብሏታል። ዘንድሮ ካልተመረቀች ግን ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል፣ አክስቷም ዓይኗ እስኪጠፋ ትሰፋለች። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

የመመረቂያ ሥራ መምረጫው ሲደርስ ሌሎቹ አውሮፕላን ማረፊያና የባህል ማዕከል ሲመርጡ እሷ ቢሮዬ መጣችና "ቲቸር፣ እኔ ብሎን ልፈታ ነው" አለችኝ።

"የምን ብሎን?"

"የብረት መከለያዎቹን። ከዚያ ግድግዳ ፈትቼ ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ ልሰቅላቸው ነው። አጋደላቸውን አጥንቼዋለሁ፤ የተሠሩት ለማታ ፀሐይ ነው። ለምዕራብ። የተሰቀሉት ግን ሰሜን ላይ ነው። ምዕራቡ ባዶ መስታወት ነው።"

"እና ማን ነው ሰሜን ላይ የሰቀላቸው? ለምን?"

"እሱን ነው ያላወቅኩት። ወንድምዎን ይጠይቁልኝ።"

ደስ አለኝ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ስንት ዓመት ዋርካ ስገመግም ኖሬ አንዲት ተማሪ ብሎን ይዛ መጣች። እቅፍ አድርጌ ልስማት ምንም አልቀረኝም።

እሁድ እሁድ ምሳ የምንበላው እማዬ ቤት ነው። ጋሼ የሽልማቱን ታሪክ ሲጠይቁት ይወዳል፤ ሳይጠይቁትም ይናገራል። እኔ ግን ያን ቀን ሆን ብዬ ጠየቅኩት።

"ያ ሕንጻ በመጨረሻው ሰዓት ነው የዳነው" አለ፣ ሹካውን እንደ ማይክራፎን ይዞ። "ሁሉን ጨርሰን ፕላኑ ፖስተሩ ላይ አልገባም አለ። ረዘመ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሊያለቅሱ ደረሱ። እኔ መጣሁና ፕላኑን በጎኑ አዞርኩት። በቃ! መግቢያው ወደ ታች መጣ፣ ገጹ ሞላ፣ አቤት ሲያምር!"

"የሰሜን ቀስቱንስ አብረህ አዞርከው?"

"የቱን ቀስት?"

"ሰሜን ወዴት እንደሆነ የሚያሳየውን።"

"እሱማ ወደ ላይ ሲሆን ነው የሚያምረው" አለ። "መከለያዎቹን ደግሞ ከዚያ በኋላ ጨመርናቸው፤ ዳኞቹ አካባቢ ጥበቃ ይወዳሉ ሲባል። በስተግራ፣ በምዕራብ በኩል።"

ወረቀት ሲዞር መሬት አብራ የምትዞር መስሎታል! ሌላው ሰው ሁሉ ፀሐይ የምትጠልቅበትን ለማወቅ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል፤ የእኛ ሙያ ሰው ብቻ ነው ጎንበስ ብሎ ፖስተር የሚያየው። የወረቀቱን ግራ ምዕራብ ነው ብሎ ብረቱን ሁሉ እዚያ ደረደረ። የወረቀቱን ታች ደቡብ ነው ብሎ መስታወቱን ሁሉ ለእውነተኛው ምዕራብ አጋለጠው። ይኸው እኛ ደግሞ እዚያ ውስጥ ተቀምጠን ስለ ፀሐይ እናስተምራለን።

ቀስ ብዬ አስረዳሁት። የጠረጴዛውን ጨርቅ ሳይቀር ጎትቼ አዞርኩለት። አዳመጠኝ፤ አዳመጠኝና "ሰሜን የንድፍ ውሳኔ ነው" አለኝ።

"ምን አልክ?"

"ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ ከአቅጣጫ ጋር ይጫወታሉ። አንቺ አይገባሽም።"

"አንተ ልጅ፣ ብላ እንጂ፣ ቀዘቀዘብህ እኮ" አለችው እማዬ። እናታችን ጋሼ ሲናገር የሚሰማት ርሃቡ ብቻ ነው።

"አንዲት ተማሪዬ ይህን ለመመረቂያ ታቀርበዋለች" አልኩት። "ድንገት እንዳይሆንብህ ብዬ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ብረቱ አለ፣ ማዛወር ብቻ ነው። ባንተም አታላግጥም፣ ጨዋ ልጅ ናት።"

"ታቅርብ፣ ታቅርብ" አለ እየሳቀ። ጋሼ ልጅ ሆነንም "ታቅርብ፣ ታቅርብ" ካለ ለአንድ ሰው ክፉ ቀን ደርሷል ማለት ነበር።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ዳኞቹ ጋሼ፣ እኔና አንድ የመስታወት አስመጪ ነን። አስመጪው የክፍሉ አጋር ስለሆነ በየዓመቱ ይጋበዛል፤ ስለ ሥነ ሕንጻ የሚያውቀው መስታወት እንደሚሰበር ብቻ ነው። ግምገማው ጠዋት እንዲሆን ጋሼ ራሱ ነበር የወሰነው። በአፉ ባይለውም ያ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን አሳምሮ ያውቃል። አስመጪው ግን ዘገየ። ምሳ በልቶ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ መጣ። የቴርሞሜትር ተራ ሲደርስ ደግሞ መብራት ሄደ፣ ኤሲዎቹም ጸጥ አሉ።

አቤት የነበረው ሙቀት! ጋሼ ከነአረንጓዴ ከረባቱ ፊቱን ወደ መስታወቱ አድርጎ ተቀምጧል። ላቡ ጆሮው ሥር ይወርዳል። ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ስለገባች የግምገማ ወረቀቱን ግንባሩ ላይ ጋርዷል። ልጅቷ ሥራዋን በአጭሩ አስረዳች፤ የቱን ብሎን እንደምትፈታ፣ ብረቱን በምን ያህል እንደምታጋድል፣ አዳራሹ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ። ቀስ ብላ፣ ያለ ድራማ።

"ዛፉስ?" አለ ጋሼ።

"ዛፍ የለውም ዶክተር።"

"ሰውም የለበትም እንዴ?" አለ አስመጪው። "የሌሎቹ ላይ ፊኛ የያዘች ልጅ ነበረች። ደስ ስትል!"

ተማሪዎቹ ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም።

ጋሼ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ይህ መከለያ የምትሰቅዪበት ፊት ለፊት ደቡብ ነው። አንቺ ምዕራብ ብለሽ ጽፈሻል። መሠረታዊ ስህተት።"

"ምዕራብ ነው ዶክተር።"

"የተሸለመው ፕላን ላይ ደቡብ ነው የሚለው።"

"ፀሐይዋ ግን እዚያው ናት።"

"የት?"

"ዓይንዎ ላይ።"

ሁሉም ዞሮ አየ። ፀሐይዋ መስታወቱ መሃል ለመጥለቅ እያዘቀዘቀች ነው። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ሰው የሆነ ሰው "ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ" ይላል። የኔ ወንድም ግን ዓይኑን አጨንቁሮ፣ እንባው እየወረደ፣ "በዚህ ወቅት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታደላለች" አለ።

"ልክ ነው" አለ አስመጪው። "የአየር ንብረት ለውጥ።"

ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች፣ ነገ የራሳቸው ተራ ነውና፣ አንድ በአንድ ራሳቸውን ነቀነቁ። በእግዜር! ፀሐይ በደቡብ ስትጠልቅ ያየ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው! ደሜ ፈላና "ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ፣ "ዶክተር" ማለቱ ጠፍቶኝ። "ፀሐይዋ እያስለቀሰችህ እኮ ነው! ከፈለግክ ውጣና ጠይቃት!"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ነገሩን አበላሸው። ጋሼ ብቻውን ቢሆን ምናልባት ይለሰልስ ነበር፤ በሰው ፊት ተስቆበት ግን ሰማይ ዝቅ መሬት ከፍ ቢል አይመለስም።

"ሥራው መጥፎ አይደለም" አለ፣ ድምፁን አለስልሶ። "ቀስቱን ታዙር። ደቡብን ደቡብ ብላ ከጻፈች አልፋለች። አለበለዚያ አቅጣጫ የማታውቅ አርክቴክት አላስመርቅም፤ ዓመቱን ትደግማለች።"

ኮሪደር ላይ ተከትላኝ ወጣች። "ቲቸር፣ ምን ላድርግ?" አለችኝ። ድምጿ ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብኝ።

አትጻፊለት ልላት አፌን ከፈትኩ። የአክስቷ ዓይን ትዝ አለኝና ዘጋሁት። "ጻፊለት" አልኳት። "የፈለገውን ጻፊለትና ተመርቀሽ ከዚህ ውጪልኝ።" እሷም ገብታ ቀስቱን አዞረች፣ ምዕራብን ሰርዛ ደቡብ ብላ ጻፈች። ጋሼ ወረቀቷ ላይ ፈረመ፣ ማኅተምም አደረገበት። ነጥቧን የሚያጸድቀው ግን ከመንገድ ሲመለስ ነው፤ ስለ ካርቦን ቅነሳ በሚመክር ጉባኤ ላይ ለመናገር አውሮፕላን እየቀያየረ ሊሄድ ነበር።

ነገሩ እዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። አስመጪው ግን የልጅቷን ሥራ ወደደው፤ "ይሠራ፣ ወጪው በእኔ" አለ፣ ለጎብኚዎች የሚያሳየው ነገር ፈልጎ። ጋሼ እንግዶች ይዞ እስኪመለስ ተሠርቶ እንዲጠብቀው የማኅተሙን ወረቀት ለኮንትራክተር ሰጠና በረረ።

ኮንትራክተሩ መሰላሉንና ሠራተኞቹን ይዞ መጣ። ሲናገር የማይቸኩል፣ ከወረቀት ውጪ ማንንም የማያምን ሰውዬ ነው። ወረቀቱ "መከለያዎቹ ተፈትተው ደቡብ ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ" ይላል። ስልኩን አወጣ፣ ኮምፓስ ከፈተ፣ ስልኩ ወደመራው ሄደ። ስልኩ የመራው ወደ ሕንጻው ሌላ ጎን ነው፤ ሽንት ቤቶቹ ወዳሉበት ግድግዳ። መስኮት የሚባል ነገር የለውም። ሠራተኞቹ እዚያ ድፍን ግድግዳ ላይ የመጀመሪያውን ብረት ሰቀሉ።

ከቢሮዬ የጎተተችኝ ቴርሞሜትር ናት። እየሮጥን ደረስን።

"እዚህ አይደለም!" አልኩት። "ፊት ለፊት ነው፣ መስታወቱ ላይ!"

"እህቴ፣ ወረቀቱ ደቡብ ይላል" አለ። "ደቡብ ደግሞ ይኼ ነው። መስታወቱ ያለው ምዕራብ ነው።"

"እሱንማ እናውቃለን!"

"ካወቃችሁ ጻፉት። የፈረመው ሰውዬ ምዕራብ ይበለኝ፣ ወይ እናንተው ፈርሙልኝ፤ አሁኑኑ አዛውራለሁ። ነገ ብትከሱኝስ?"

ጋሼ ጋ ደወልኩ። ከብዙ ጥሪ በኋላ አነሳው፤ ከጀርባው ሰዎች ይንጫጫሉ።

"ጋሼ፣ መከለያዎችህን ሽንት ቤት ላይ እየሰቀሏቸው ነው።"

"ደቡብ ላይ አይደለም እንዴ ያልኩት?"

"እውነተኛው ደቡብ ላይ ናቸው። ስማኝ፣ አንዲት ቃል ብቻ በል። ምዕራብ በል፤ ስልኩን ለኮንትራክተሩ ልስጠው። ማንም አይሰማህም፣ ማንም አይስቅብህም። እኔም ሁለተኛ አላነሳብህም፣ በእማዬ ሞት!"

ትንፋሹ ይሰማኛል። ከልጅነታችን ጀምሮ የማውቀው፣ ዕቃ ሰብሮ በር ኋላ ሲደበቅ የሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው። ለአፍታ አሳዘነኝ፤ ምዕራብ የሚል መሰለኝ።

"ደቡብ" አለ። "ደቡብ ብያለሁ ደቡብ ነው። በጉባኤ መሃል እንዲህ ባለ ነገር አትደውዪ።" ዘጋው።

"ምን አሉ?" አለች ልጅቷ።

"ደቡብ።"

ኮንትራክተሩ ትከሻውን ነቀነቀና ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። እሷ ሁለተኛው ብረት ሲወጣ አየችው። ከዚያ ወደ ሰውየው ሄዳ "እስክሪብቶ አለዎት?" አለችው፣ በሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ።

የልቧን አወቅኩባት። እጇን ያዝኳት። "ተይ! ነጥብሽን ገና አላጸደቀም። ሲመለስ ይጥልሻል።"

"አውቃለሁ።"

"አክስትሽስ?"

"አክስቴ አጣማ የሰፋችውን ለሰው ሰጥታ አታውቅም ቲቸር። ዓይኗ ደክሞም ትፈታዋለች።" እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ። "የመጀመሪያ ሥራዬን ሽንት ቤት ላይ አልሰቅልም።"

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀስቱን መለሰችው። ደቡብን ሰርዛ ምዕራብ አለች፤ ሙሉ ስሟን ጽፋ ፈረመች። እኔም እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከሥሯ ፈረምኩ፤ ቢያንስ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ። ኮንትራክተሩ ፊርማዎቹን አየና "በቃ፣ እኔን ከነገር አወጣችሁኝ" ብሎ መሰላሉን አዛወረ።

ሥራው ሲያልቅ የሆነውን ብነግራችሁ ተረት ይመስላችኋል። ከምሳ በኋላ አዳራሹ ገባን፣ ማንም አላላበውም። አንዱ ተነስቶ ካርቶኖቹን ከመስታወቱ ላይ ላጣቸው፣ ሌላው ኤሲዎቹን አጠፋቸው። ጩኸቱ ዝም ሲል ጊዜ የተማሪዎቼን ድምፅ ሰማሁ፤ ለካ አንዳንዶቹ ጥሩ ጥያቄ ይጠይቁ ኖሯል። ማይክራፎኑን አስቀመጥኩት።

ጋሼ እንግዶቹን ይዞ መጣ። አስመጪውም ነበር። ጋሼ አዳራሹ መሃል ቆመ፣ ኮቱን ለማውለቅ እጁን ሰደደና ተወው፤ አልሞቀውም። ግራ ቀኙን አየ። መከለያዎቹን አየ። እኔን አየ። "ተመልከቱ" አለ ለእንግዶቹ፣ እጁ አየር ላይ ቅጠል እየሠራ፣ "ይህ ደቡባዊ ፊት ለፊት የሥራዬ ሁለተኛ ምዕራፍ ነው።" አጨበጨቡለት።

በማግስቱ ልጅቷን አስጠራት። ማኅተም ያረፈበትን ንድፍ ያለ ፈቃድ በመቀየሯ ነጥቧ ተሰርዟል፤ ዓመቱን ትደግማለች። "ሕግ ሕግ ነው" አላት፣ ቀዝቃዛው አዳራሽ ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጦ።

እማዬ ቤት ድረስ ሄድኩበት። "እኔም ፈርሜያለሁ። እኔንም ቅጣኝ!"

"አንቺን ብቀጣ እማዬ ምን ትለኛለች?" አለ።

"ምን አጥፍተሽ ነው ደግሞ?" አለች እማዬ ከጓዳ።

እኔን እናቴ ጓዳ ስላለች ምንም አልነካኝም። ልጅቷ ግን ጓዳ ያለ ሰው የላትም። ይህ ነው ያንገበገበኝ። መንገድ ላይ ሰው እያየኝ እየተነፋረቅኩ ሄድኩ፤ አላፈርኩም። ልጅቷን ልጠይቅ ወደ አክስቷ ቤት ስጠጋ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከውጭ ይሰማል። አክስቷ ቀና ብላ ዓይኗን አጥብባ አየችኝ፣ ማን እንደሆንኩ አልለየችም። የዲዛይን ቢሮው ወንበር ሃያኛ ፎቅ ላይ ዋርካ ለተከለ ልጅ ተሰጠ።

አዲሱ ዓመት ሲጀምር የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቴርሞሜትር ከአዲሶቹ መሃል ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጋሼም አለ፤ ከቢሮው ይልቅ አዳራሹ ስለሚቀዘቅዝ አሁን አሁን ከምሳ በኋላ እዚያ እየመጣ የኋላ ወንበር ላይ ጋዜጣ ያነባል። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለሚያዘኝ የሕንጻውን ፎቶ ግድግዳው ላይ አበራሁ። ከሥሩ በጋሼ ትእዛዝ "ደቡባዊው ፊት ለፊት" ተብሎ ተጽፏል።

"ይህ ጽሑፍ ስህተት ነው" አልኩ። "ፊት ለፊቱ ምዕራብ ነው። ዞር በሉና ፀሐይዋን እዩ።"

ወንበሮች ሲጥ ሲጥ አሉ። ሁሉም ዞረው በብረቶቹ መሃል አዩ። ከኋላ ጋዜጣው ዝቅ አለ።

"ደቡብ ነው" አለ ጋሼ፣ ሳይቆጣ፣ ለልጅ እንደሚነገር። ጋዜጣውንም መልሶ ከፍ አደረገ።

አዲሶቹ ተማሪዎች ተያዩ። አንዱ፣ ገና ስሙን እንኳ ያልያዝኩት፣ እስክሪብቶውን እንዳነሳ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ የትኛውን እንጻፍ?"

ከእኔ ቀድማ ቴርሞሜትር ከፊት ወንበር ዞር አለችለት። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፣ ግን ኤሲ ስለሌለ ሁላችንም ሰማናት።

"ፈተና ላይ ደቡብ ጻፍ" አለችው። "ቤት ስትሠራ ምዕራብ።"